እንዶድ፦ ከወንዝ ዳር እስከ ቤተ ሙከራ ብልቃጥ

በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ወደ ዓድዋ ተጉዘው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ፣ ከሌላው የወንዙ ክፍል ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አገኙ። በሕይወት ያሉትን ለቅመው በዕቃ ካስቀመጡ በኋላ፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ግኝቱ የተጀመረው በእናቶች የልብስ ማጠቢያ ነው ማለት ይቻላል።

ቀንድ አውጣውን የሚገድለው በፍሬው ውስጥ የሚገኘው ሳፖኒን የተባለ አረፋ ሰጪ ውህድ ነው። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት ያህል በዓድዋ በተካሄደው የመስክ ሙከራ የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 34 በመቶ ዝቅ አለ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የታየው ለውጥ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ነበር። ለጤና ባለሙያ ትልቁ ቁጥር ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሕፃናቱ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ወንዙ መታከም ከጀመረ በኋላ ነውና።

ይሁን እንጂ ተክሉ ራሱ አስቸጋሪ ነበር። እንዶድ ወንዴና ሴቴው በተለያየ ተክል ላይ የሚበቅል በመሆኑ ከዘር የሚገኘው ችግኝ እናቱን አይመስልም፤ ከፊሉም ፍሬ የማይሰጥ ወንዴ ይሆናል። የሳፖኒኑ መጠንም ከተክል ተክል፣ ከፍሬው የብስለት ደረጃም ጋር ይለያያል። ወንዝ ለማከም የሚመዘን መጠን ያስፈልጋል፤ የኃይሉ ልክ ያልታወቀ ዱቄት ቢበዛ ዓሣ ይፈጃል፣ ቢያንስ ቀንድ አውጣውን ይተዋል። (ጽንስ ለማስወረድ እንዶድ የጠጣች ሴት ወደ ድንገተኛ ክፍል ስትመጣ ሐኪሙን የሚገጥመውም ይኸው የመጠን እንቆቅልሽ ነው።)

ይህን ችግር ለማቃለል የዕፅዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከ1976 ጀምሮ በርካታ የእንዶድ ዓይነቶችን ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች አሰባስበው በአንድ ማሳ ላይ አወዳደሩ። ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይሉ፣ የፍሬው ብዛትና ተባይ የመቋቋም አቅሙ ተመዝኖ በመጨረሻ ዓይነት 44 ተመረጠ። ብዙ ትዕግሥት የጠየቀው ይህ ሥራ ከወንዙ ዳር ታሪክ ያነሰ ዝና ያገኘ ቢሆንም፣ በ1989 ሁለቱ ተመራማሪዎች የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በጋራ ተቀብለዋል።

የተመረጠውን ዓይነት ሳይለወጥ ማራባት የሚቻለው ከራሱ አካል ነው። ገበሬው ይህን በግንድ ቁራጭ ይሠራዋል፤ ቤተ ሙከራው ደግሞ ቲሹ ካልቸር በሚባለው ዘዴ። ሐሳቡን በ1902 ያቀረበው ኦስትሪያዊው ጎትሊብ ሀበርላንት ሲሆን፣ በምግብ ውኃ ውስጥ ያኖራቸው የቅጠል ህዋሳት በሕይወት ቢቆዩም አልተከፋፈሉለትም። ቁልፉ የተገኘው ዘግይቶ ነው፦ በ1957 ስኩግና ሚለር ሳይቶካይኒን ሲያመዝን ቀንበጥ፣ ኦክሲን ሲያመዝን ሥር እንደሚበቅል አሳዩ። በ1962 ሙራሺጌና ስኩግ ያወጡት የምግብ ቀመር እስከ ዛሬ በየቤተ ሙከራው ይሠራበታል።

የእንዶድ የቀንበጥ ጫፍና አንጓ በብልቃጥ ሊራባ እንደሚችል የሚያሳይ ጥናት በ1990 ታተመ። አሠራሩ ባክቴሪያ በአጋር ላይ ላሳደገ የላቦራቶሪ ባለሙያ እንግዳ አይደለም። ቁራጩ በበረኪና ይጸዳል፤ በአውቶክሌቭ በተቀቀለ አጋር ላይ ይተከላል፤ ሲያቆጠቁጥ እንደገና ይቆራረጣል። ልዩነቱ እዚህ ባክቴሪያና ሻጋታ ጠላት መሆናቸው ነው፤ አንዲት ስፖር ብልቃጡን ታበላሻለች። ሥር ያወጣው ችግኝም በቀጥታ ማሳ አይገባም። እርጥበት በሞላው ብልቃጥ ውስጥ ያደገ ቅጠል ውኃውን መቆጠብ ስለማይችል፣ ቀስ በቀስ ከደረቅ አየር ጋር ካልተላመደ ይጠወልጋል። ደግሞም በአንድ ዓይነት ተክል የተሞላ ማሳ አንድ ተባይ ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋው ይችላል። ብልቃጡ የተሰጠውን ያባዛል እንጂ አይመርጥም፤ ስለዚህ ሌሎቹን የእንዶድ ዓይነቶች በሕይወት የማቆየቱ ሥራ በመራቢያ ዘዴው አይተካም።

እንዶድ ለሰፊ አገልግሎት ሳይበቃ የቀረው ግን በችግኝ እጥረት ብቻ አልነበረም። ዓለም አቀፍ አካላት በታወቁ ቤተ ሙከራዎች የተካሄደ የመርዛማነት ምርመራ ጠየቁ፤ ያ እስኪሟላ ዓመታት አለፉ። በዚህ መካከል ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት በመምጣቱ ትኩረቱ ከወንዙ ወደ ታማሚው ዞረ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም በስማቸው ተሰየመ። መድኃኒቱን የዋጠ ልጅ በዚያው ወንዝ ሲዋኝ መልሶ መያዙ ስላልቀረ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው የቢልሃርዝያ መመሪያ ቀንድ አውጣን መቆጣጠር ከሕክምናው ጎን እንዲሄድ መክሯል።