ፓች ቴስት፦ የቆዳ ቅድመ ሙከራ

ፓች ቴስት ማለት አዲስ ቅባት፣ ሜካፕ፣ የፀጉር ቀለም ወይም የውበት ሕክምና በመላ ፊት ወይም ፀጉር ላይ ከመዋሉ በፊት በትንሽ የቆዳ ቦታ ላይ ሞክሮ፣ በቂ ጊዜ ጠብቆ፣ ቆዳው የሚሰጠውን ምላሽ ማየት ነው። በአማርኛ «የቆዳ ቅድመ ሙከራ»፣ አጠር ሲል «ቅድመ ሙከራ» ልንለው እንችላለን። በፀጉር ቀለም ካርቶን ውስጥ ተጣጥፎ የሚገኘው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ያዛል፤ ወረቀቱ ግን ሳይነበብ የሚጣልበት ጊዜ ይበዛል።

ከዚህ ሙከራ ጋር የሚምታቱ ሁለት ልማዶች አሉ። አንደኛው ሱቅ ውስጥ ፋውንዴሽን በእጅ ጀርባ ላይ ቀብቶ ማየት ነው። ይህ ቀለሙ ከመልክ ጋር መስማማት አለመስማማቱን ይጠቁማል እንጂ ስለ ቆዳው ምላሽ ምንም አይናገርም። ሁለተኛው ክሬሙን ክንድ ላይ ቀብቶ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው። ይህም ወዲያው የሚያቃጥለውን ያሳያል፤ የቅባትና የቀለም አለርጂን ግን አያሳይም፤ እሱ ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ከቀናት በኋላ ነውና። ሙከራውን ሙከራ የሚያሰኘው የሚሰጠው ጊዜ ነው።

ከሐኪም ቤት ወደ ቀለም ካርቶን

ዘዴውን የጀመረው ዮዘፍ ያዳሶን የተባለ የቆዳ ሐኪም ነው። በብሬስላው፣ በዛሬዋ የፖላንድ ከተማ ቭሮትስዋፍ፣ ይሠራ የነበረው ይህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1895 ዘዴውን ለሙያ ጓደኞቹ አቀረበ። የሜርኩሪ መድኃኒት ቆዳቸውን ባስቆጣባቸው ሕሙማን ጤነኛ ቆዳ ላይ ሜርኩሪ ሲለጥፍ፣ ቁጣው በተለጠፈበት ቦታ ላይ እንደገና ታየ።

ዛሬም ሐኪሞች በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። አለርጂ ያመጣሉ ተብለው የሚጠረጠሩት ነገሮች ስፋታቸው 8 ሚሊሜትር በሚሆን ትንንሽ የአሉሚኒየም ክዳኖች ውስጥ ይደረጉና በፕላስተር በላይኛው ጀርባ ላይ በረድፍ ይለጠፋሉ። ታካሚው ለ48 ሰዓት ጀርባውን አያረጥብም፣ ላብ ከሚያመጣ ሥራም ይቆጠባል። ከዚያ ልጥፉ ይነሳል፤ ቦታዎቹ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግባቸውና ይነበባሉ። ንባቡ ግን በዚህ አያበቃም። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሐኪሙ ደግሞ ያያቸዋል፤ እስከ ሰባተኛው ቀን ዘግይቶ የሚወጣ ምላሽም አለ።

ይህ የሐኪም ዘዴ ወደ ቤት የገባው በመከራ በኩል ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ «ላሽ ሉር» የሚባል የቅንድብና የሽፋሽፍት ማቅለሚያ ይሸጥ ነበር። በውስጡ ፓራፊኒሊንዳያሚን፣ በአጭር ስሙ ፒፒዲ፣ የሚባለው የጠቆረ ቀለም የሚሰጥ ኬሚካል ነበረበት። ምርቱ የብዙ ሴቶችን ዓይን አቆሰለ፤ ዓይኗን ያጣች ነበረች፣ ሕይወቷን ያጣችም ነበረች። በጊዜው ምርቱን ከገበያ ለማስወጣት የሚያስችል ሕግ አልነበረም። የመዋቢያ ምርቶችን በፌዴራል መንግሥቱ ቁጥጥር ስር ያስገባው ሕግ የወጣው በ1938 ነው። ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚሠሩ የፀጉር ቀለሞችም በገበያ እንዲቆዩ ሕጉ የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አስቀመጠላቸው፦ ቆዳን ሊያስቆጡ ስለሚችሉ አስቀድሞ ሙከራ ይደረግ፤ ለቅንድብና ለሽፋሽፍት አይዋሉ፣ ዓይን ሊያሳውሩ ይችላሉ የሚል።

የአማርኛ ስያሜውም ከዚህ ልዩነት ይነሳል። ሐኪም ጀርባ ላይ ለጥፎ የበሽታውን ምክንያት የሚፈልግበትን «የልጥፍ ምርመራ» ብንለው ሥራውን ይገልጸዋል። ቤት ውስጥ ግን የሚለጠፍ ነገር ላይኖር ይችላል፤ የሚመረመር በሽታም የለም። ሰውየው የሚፈልገው ከመጠቀሙ በፊት ማወቅ ነው። ስለዚህ የቤቱና የሳሎኑ «ቅድመ ሙከራ» ቢባል የሁለቱ ሥራ አይደበላለቅም።

ቆዳ ለምን ይዘገያል?

ቆዳ በሁለት መንገድ ይቆጣል። የመጀመሪያው በቀጥታ መጎዳት ነው። ጠንካራ አሲድ፣ ብዙ ሬቲኖል ወይም የሚያደርቅ ሳሙና መጠኑ ከበዛ የማንንም ቆዳ ይለበልባል። ይህ ቶሎ ይታያል፤ መጠኑን በመቀነስም ሊቀል ይችላል።

ሁለተኛው አለርጂ ነው። እዚህ ላይ የሚቆጣው የሰውነት መከላከያ ነው። ለአንድ ንጥረ ነገር መጀመሪያ ሲጋለጥ ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ በውስጥ ግን ያንን ነገር እንደ ጠላት ይመዘግበዋል። ይህ ምዝገባ ቢያንስ አሥር ቀን ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ በተነካ ቁጥር ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ማሳከክ፣ ማበጥ፣ ውሃ መቋጠር ይመጣል። ጥቂት ጠብታም ይበቃዋል። ለዓመታት አንድ ዓይነት ቀለም ስትቀባ የኖረች ሴት በድንገት ዓይኗ አብጦ ማደሯ የሚያስገርም የማይሆነው ለዚህ ነው፤ ምዝገባው በመጨረሻዎቹ ጊዜያት ተካሂዶ ሊሆን ይችላል። «ይህንን ዱሮም አውቀዋለሁ» ማለት ዋስትና አይሆንም። የፀጉር ቀለም በተቀባ ቁጥር ሙከራ ይደረግ የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አለርጂ በማምጣት የታወቁት ሽቶዎች፣ ምርት እንዳይበላሽ የሚጨመሩ ማቆያዎችና የፀጉር ቀለም ኬሚካሎች ናቸው። ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባለው ማቆያ ብዙ ሰው ስላስቆጣ የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 የዓመቱ አለርጂ አምጪ ብሎ ሰየመው፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2017 ጀምሮ ተቀብተው በማይታጠቡ መዋቢያዎች ውስጥ ከለከለው። ይህ የሆነው ማቆያው በገበያ ላይ ለዓመታት ከዋለ በኋላ ነው። ምርት መሸጡ ለእያንዳንዱ ሰው ቆዳ መስማማቱን አያረጋግጥም። «ሃይፖአለርጂኒክ» የሚለው ጽሑፍም ቢሆን አሜሪካ ውስጥ በሕግ የተደነገገ መለኪያ የለውም።

«ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃልም ከሙከራ አያድንም። እውነተኛ ሂና ቀለሙ ወደ ቀይና ቡናማ ያደላል፤ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። በአጭር ጊዜ ድቅድቅ ጥቁር የሚሆነው «ጥቁር ሂና» ብዙ ጊዜ ፒፒዲ የተጨመረበት ነው፤ ሱዳን ውስጥ ሁለቱን ቀላቅሎ መጠቀም ከባድ ጉዳት ማድረሱ በሕክምና ጽሑፎች በሰፊው ተመዝግቧል። ለሰርግ ወይም ለበዓል ብላ እጇን በጥቁር ሂና ያስዋበች ሴት ሰውነቷ ያኔ ፒፒዲን መዝግቦት ከሆነ፣ ከዓመታት በኋላ ፀጉሯን ስትቀባ ራስ ቆዳዋ ሊቆጣ ይችላል።

በቤት እንዴት ይደረጋል?

ለክሬም፣ ለሴረምና ለፋውንዴሽን የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ የሚመክረው ይህንን ነው፦ በክንድ መታጠፊያ ወይም በክንድ የውስጥ በኩል፣ በቀላሉ በማይታጠብና በማይፋቅ ቦታ ላይ፣ ከሳንቲም ባልበለጠ ስፋት፣ በቀን ሁለት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን መቀባት። ውፍረቱ እንደ ወትሮው አጠቃቀም ይሁን። ታጥቦ የሚወርድ ምርት ከሆነ መመሪያው በሚያዝዘው ጊዜ ይታጠብ፤ የፊት ሳሙና ሌሊቱን ሙሉ ቆዳ ላይ ቢያድር የሚያቃጥለው ማንንም ነው።

ለፀጉር ቀለም የካርቶኑ መመሪያ ይቀድማል። ብዙዎቹ ከጆሮ ጀርባ ወይም በክንድ መታጠፊያ ጥቂት ቀብቶ 48 ሰዓት መጠበቅን ያዝዛሉ።

ሁለት አዳዲስ ምርቶችን በአንድ ጊዜ መጀመር ሙከራውን ዋጋ ያሳጣዋል፤ ቆዳው ቢቆጣ የትኛው እንዳስቆጣው አይለይም። ምላሽ ከታየ ቦታውን በውሃ ማጠብና ምርቱን ማቆም ያስፈልጋል። ካርቶኑ ግን አይጣል፤ ለሐኪሙ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው በጀርባው ያለው የንጥረ ነገሮች ዝርዝር ነው። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ይገባል።

በጠይም ቆዳ ላይ ምላሹን ማንበብ

መመሪያዎች በአብዛኛው «ቆዳው ከቀላ» ይላሉ። ይህ የተጻፈው ነጭ ቆዳን በማሰብ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቁጣ ቀይ ሆኖ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሊመስል ይችላል። «አልቀላም፤ ስለዚህ ተስማምቶኛል» ብሎ መደምደም የሚያሳስተውም እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ቦታውን ከማየት በተጨማሪ መንካት ያስፈልጋል። ሙከራው ሳይጀመር በመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ፎቶ ይነሳ። ከዚያ በየቀኑ ጣት በቦታው ላይና በዙሪያው ባለው ቆዳ ላይ ይዙር፦ ከፍ ብሏል? ይሞቃል? ሻካራ ሆኗል? ጥቃቅን እንክብሎች አሉ? በሌሊት ያሳክካል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ቀለሙ ባይለወጥም ቆዳው ተቆጥቷል።

ነገሩ ለእኛ ይበልጥ የሚያሳስብበት ሌላም ምክንያት አለ። ቀለም የበዛበት ቆዳ ሲቆጣ ሜላኒን የሚባለውን ማቅለሚያ አብዝቶ ያመርታል። ማሳከኩ በሳምንት ቢጠፋም የሚተወው ጥቁር ምልክት ለወራት ሊቆይ ይችላል፤ ብዙዎች ከማድያት ጋር የሚያምታቱትም ይህንን ነው። ያንን ምልክት ለማጥፋት ደግሞ ሌላ ጠንካራ ክሬም ይገዛል፤ ቁጣው ይደገማል፤ ምልክቱ ይሰፋል። ቅድመ ሙከራ ይህንን አዙሪት ከመነሻው ሊቆርጠው ይችላል፤ ምልክቱ በክንድ ስር በሳንቲም ስፋት ይቀራል፣ ፊት ይድናል።

በሳሎንና በክሊኒክ

በባለሙያ እጅ መሆን ሙከራውን አያስቀርም። ኬሚካል ፒል የሚባለው የላይኛውን ቆዳ በአሲድ የመላጥ ሕክምና እና ፀጉር የሚያስወግደው ሌዘር ሥራቸው ቆዳን በልክ መጉዳት ነው፤ ልኩ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል። ሌዘር ጨረሩን የሚያሳርፈው ሜላኒን ላይ ስለሆነ ጠቆር ያለ ቆዳ የፀጉሩን ድርሻ ራሱ ሊወስድና ሊቃጠል ይችላል። በ1064 ናኖሜትር የሚሠራው ኤንዲ ያግ የሚባለው ሌዘር ጠልቆ ስለሚገባና በሜላኒን ብዙም ስለማይያዝ ለጥቁር ቆዳ የተሻለ ነው።

ባለሙያዎች የቆዳን ዓይነት የሚለዩበት የፊትዝፓትሪክ መለኪያ በ1975 ሲወጣ የታሰበው ለነጭ ቆዳ ነበር፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳ የገቡት በኋላ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ሆነው ነው። ከመለኪያው ቁጥር በላይ የሚያስተማምነው በዚያው ሰው ቆዳ ላይ የተደረገ ሙከራ ነው። ጥሩ ባለሙያ ከጆሮ ስር ወይም ከመንጋጋ ጠርዝ ላይ ጥቂት ቦታ ይሞክርና ሳምንታት ይጠብቃል፤ ጥቁር ምልክት ቁስሉ ከዳነ በኋላም ሊወጣ ይችላልና።

አንድ ነገር ከባለሙያ መደበቅ የለበትም። በየሱቁ የሚሸጠው ድብልቅ የማቅያ ክሬም ብዙ ጊዜ ጠንካራ ስቴሮይድ ይኖረዋል። ስቴሮይድ ቁጣን ያፍናል፤ በተቀባበት ቦታ የሚደረግ ሙከራ «ደህና ነው» ብሎ ሊያሳስት ይችላል። ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው ግን በራሱ ውሳኔ በአንድ ጊዜ ቢያቆም ፊቱ ክፉኛ ሊቆጣ ስለሚችል ሐኪም ማማከር አለበት።

ሙከራው የማይነግረን

ቅድመ ሙከራ ሁሉን አያሳይም። ብጉር የሚያወጣ ቅባት ክንድ ላይ ምንም ላይል ይችላል፤ የፊት ቀዳዳዎችን እስኪደፍን ሳምንታት ይፈጃል። ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ብቻ የሚያቃጥልም አለ። ሎሚ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ጭማቂው በልብስ ስር ባለ ክንድ ላይ ሰላማዊ ሆኖ ሳለ ፀሐይ ያገኘውን ፊት ግን ውሃ እስኪቋጥር ሊያቃጥልና አጥቁሮ ሊተወው ይችላል። የክንድ ቆዳም የዓይን ቆብን ያህል ስስ አይደለም፤ ለዓይን የሚሆን ምርት ክንድ ላይ ቢያልፍም በጥንቃቄ ይጀመራል። ሙከራው አደጋን ያሳንሳል፤ ፈጽሞ አያስቀርም።

ጊዜን አስቀድሞ መያዝ

የቅድመ ሙከራ ትልቁ እንቅፋት ገንዘብ አይደለም፤ ጠብታ ክሬም ነው የሚጠይቀው። እንቅፋቱ ጥድፊያ ነው። በጥርና በሚያዝያ የሰርግ ወቅት ሙሽራና ሚዜዎች አዲሱን ፌሻል፣ አዲሱን የሽፋሽፍት ሙጫና አዲሱን ፋውንዴሽን የሚያገኙት በሰርጉ ሳምንት ይሆናል፤ ምላሹ የሚወጣው ደግሞ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፣ አንዳንዴም በሰርጉ ማለዳ ነው። ሜካፕ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ፒል ወይም ሌዘር ከሆነ ከወራት በፊት መጀመር ያስፈልጋል። በሰርጉ ሳምንት ፊት ላይ አዲስ ነገር ባይጀመር ይመረጣል።

ይህንን ለደንበኛ ብቻ መተው ተገቢ አይደለም። የውበት ባለሙያዎች ደንበኛ ሲመዘግቡ ሁለት ቀጠሮ ይጻፉ፤ አንዱ ለቅድመ ሙከራው፣ ሌላው ለሥራው። ሁለተኛውን ብቻ የሚሰጥ ሳሎን ሲያጋጥም ደግሞ ደንበኛዋ የመጀመሪያውን ራሷ ትጠይቅ። የሚያስቸግር ጥያቄ አይደለም፤ በሕክምናው ከመቶ ዓመት በላይ ሲሠራበት ከቆየ ዘዴ የመጣ ደንብ ነው።