በሞባይል ኔትወርክ ሲግናል ዝናብን መለካት

በሞባይል ኔትወርክ ሲግናል ዝናብን መለካት ማለት በስልክ ማማዎች መካከል የሚተላለፈው የማይክሮዌቭ ሲግናል በዝናብ ምክንያት ምን ያህል እንደደከመ አይቶ የዝናቡን መጠን ማስላት ነው። ዘዴው አዲስ መሣሪያ መትከል አይጠይቅም፤ የቴሌኮም ኩባንያዎች የኔትወርካቸውን ጤንነት ለመከታተል የሚመዘግቡትን ቁጥር ይጠቀማል። በተለይ የዝናብ መለኪያና የአየር ጠባይ ራዳር በማይበዙባቸው አገሮች፣ ከባድ ዝናብ የት እየጣለ እንደሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ለማወቅና ስለ ጎርፍ ለማስጠንቀቅ ይረዳል ተብሎ ይታመናል።

ሲግናሉ ለምን ይደክማል

ስልካችን ከማማው ጋር የሚገናኝበት ሞገድ እዚህ ላይ አይመለከተንም፤ ረጅም ስለሆነ ዝናብ ብዙም አይነካውም። የሚፈለገው አንድ ማማ ከሌላ ማማ ጋር የሚገናኝበት መስመር (ሊንክ) ነው። ማማዎች ላይ የሚታዩት ከበሮ የሚመስሉ ክብ አንቴናዎች የዚህ መስመር ጫፎች ናቸው። እነዚህ መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 40 ጊጋኸርዝ ባለው ድግግሞሽ ይሠራሉ። የሞገዳቸው ርዝመት ከ5 ሴንቲሜትር እስከ 7.5 ሚሊሜትር ነው፤ ከዝናብ ጠብታ መጠን ጋር የሚቀራረብ በመሆኑ ጠብታው የሞገዱን ኃይል ከፊሉን ይውጣል፣ ከፊሉን ደግሞ ይበትናል። በክረምት ዶፍ ሲወርድ የቴሌቪዥን ዲሽ ሥዕሉ እየተቆራረጠ የሚጠፋው በዚሁ ምክንያት ነው።

በዝናቡና በድካሙ መካከል ያለው ግንኙነት በቀላል ቀመር ይጻፋል፦

ድ = ሀ × ዝ^ለ

እዚህ ላይ «ድ» በእያንዳንዱ ኪሎሜትር የሚጠፋው ሲግናል በዴሲቤል፣ «ዝ» የዝናቡ ጥንካሬ በሚሊሜትር በሰዓት ነው። «ሀ» እና «ለ» ደግሞ በድግግሞሹ የሚወሰኑ ቁጥሮች ሲሆኑ፣ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ሰንጠረዣቸውን አውጥቷል። ለምሳሌ በ20 ጊጋኸርዝ «ሀ» ወደ 0.09፣ «ለ» ወደ 1.06 ይጠጋል። ስለዚህ በሰዓት 10 ሚሊሜትር የሚጥል ዝናብ በኪሎሜትር 1 ዴሲቤል ያህል ያሳጣል። መስመሩ 5 ኪሎሜትር ቢሆን 5 ዴሲቤል ይጠፋል፤ ይኸውም ከተላከው ውስጥ በደረቅ ጊዜ ይደርስ ከነበረው ኃይል ሲሶው ብቻ ይደርሳል ማለት ነው። ከ20 እስከ 35 ጊጋኸርዝ ባለው ክልል «ለ» ለ1 በጣም ስለሚቀርብ፣ ዝናቡ በእጥፍ ሲጨምር ድካሙም በእጥፍ ገደማ ይጨምራል። ይህ ዕድለኛ አጋጣሚ ነው፤ ኩባንያዎቹ ድግግሞሹን ሲመርጡ ዝናብ ለመለካት አላሰቡም።

ስሌቱ

ቀመሩ ቀላል ቢሆንም የመረጃው ጽዳት ብዙ ሥራ አለው። በመጀመሪያ ዝናብ በሌለበት ጊዜ የሚደርሰው ሲግናል እንደ መነሻ መታወቅ አለበት። እሱም ቢሆን በእርጥበትና በሙቀት ለውጥ ስለሚዋዥቅ፣ ፕሮግራሙ የትኛው ዝቅታ ከዝናብ እንደመጣና የትኛው እንዳልሆነ መለየት ይኖርበታል። አንዱ መፍትሔ ጎረቤት መስመሮችን ማየት ነው፤ ሁሉም አንድ ላይ ከወረዱ ዝናብ ነው፣ አንዱ ብቻ ከወረደ ምናልባት የመሣሪያው ችግር ነው። ሁለተኛው ችግር ራሱ አንቴናው መርጠቡ ነው። ሽፋኑ ላይ የሚቀረው የውኃ ሽፍን ዝናቡ ካባራ በኋላም ሲግናሉን ስለሚቀንስ፣ ካልታረመ ዝናቡ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይሰላል። በመጨረሻም እያንዳንዱ መስመር የሚሰጠው በሁለቱ ማማዎች መካከል ያለውን አማካይ ስለሆነ፣ የብዙ መስመሮች ውጤት ተጣምሮ ወደ ካርታ ይለወጣል።

ታሪክ

ዝናብ ማይክሮዌቭን እንደሚያደክም ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ይታወቃል፤ ግን መሐንዲሶች የሚያዩት እንደ ችግር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሃጊት ሜሰር፣ አርቴም ዚኔቪችና ፒንሃስ አልፐርት «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የንግድ ኔትወርኮችን መዝገብ ለዝናብ መለኪያነት መጠቀም እንደሚቻል አሳዩ። በ2007 በኔዘርላንድስ ተመሳሳይ ውጤት ወጣ። በ2013 ደግሞ አርት ኦቨረምና ባልደረቦቹ 2,400 ገደማ መስመሮችን ተጠቅመው በየ15 ደቂቃው የመላ ኔዘርላንድስን የዝናብ ካርታ ሠሩ።

ለአፍሪካ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የቡርኪና ፋሶ ሙከራ ነው። በ2012 የዝናብ ወቅት የተጠናው 29 ኪሎሜትር ርዝመት ያለው አንድ መስመር ሲሆን የሚሠራውም በ7 ጊጋኸርዝ ነበር። ይህ ድግግሞሽ ለዝናብ ደካማ ነው፤ በኪሎሜትር የሚጠፋው በ20 ጊጋኸርዝ ከሚጠፋው እጅግ ያንሳል። ሆኖም መስመሩ ረጅም፣ ዝናቡም ኃይለኛ ስለነበር 95 በመቶ የሚሆኑትን ዝናባማ ቀናት ለይቷል።

ማስጠንቀቂያ

ዘዴው የሚለካው አሁን እየጣለ ያለውን ዝናብ እንጂ የነገውን አይደለም። ጥቅሙ ያለው ውኃው ሰው ወዳለበት እስኪደርስ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋን የመታው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከደጋው የወረደው ውኃ ከተማዋ የደረሰው ሰው በተኛበት ሌሊት ነበር። እንዲህ ባለው ቦታ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ያሉ ማማዎች የሚሰጡት የአንድ ሰዓት ቅድሚያ እንኳ ትልቅ ነገር ነው። በ2014 ለኬንያ በቀረበ የማስጠንቀቂያ ዕቅድ ላይ የስልክ ኩባንያው ሁለት ሥራ ነበረው፤ የሲግናሉን መረጃ ይሰጣል፣ ማስጠንቀቂያውንም ለሕዝቡ ያደርሳል።

እንቅፋቶች

ትልቁ እንቅፋት ከፊዚክስ ይልቅ ፈቃድ ነው። መረጃው የኩባንያ ንብረት ስለሆነ ያለ ስምምነት አይገኝም፤ ምንም እንኳ የሲግናል ጥንካሬ ብቻ እንጂ የማንም ንግግር ወይም ስልክ ቁጥር ባይኖርበትም። ማማዎች ከተማ ላይ ሲበዙ ገጠር ላይ ይሳሳሉ። በጣም ኃይለኛ ዝናብ መስመሩን ጨርሶ ሊቆርጠው ይችላል፣ ማዕበል መብራት ሲያጠፋም ማማው መረጃ መላኩን ሊያቆም ይችላል፤ ማለትም መለኪያው በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ብዙ ኩባንያዎችም ማማዎቻቸውን በኦፕቲካል ፋይበር እያገናኙ ነው፤ በመሬት ውስጥ የተቀበረ ፋይበር ደግሞ ዝናብ አይሰማውም። በሌላ በኩል ከተሞች ውስጥ ከ70 እስከ 80 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ አጫጭር መስመሮች እየተተከሉ ሲሆን፣ እነዚህ ቀላል ካፊያንም ይለያሉ።