በጎቹ፣ ወደቡና የኩዌት የመጠጥ ውኃ

እ.ኤ.አ. በ1964 «አል ኩዌት» የተባለች የጭነት መርከብ በኩዌት ወደብ ውስጥ ሰጠመች። የጫነችው በግ ነበር። ብዛቱን አንዱ ጽሑፍ 5,000፣ ሌላው 6,000 ይለዋል። የትኛውም ቢሆን፣ በባሕረ ሰላጤው ሙቀት በመርከብ ሆድ ውስጥ ታጉሮ ያለቀ መንጋ ለመበስበስ ብዙ ቀን አይፈጅበትም።

ከተማዋ ለምን እንደተጨነቀች የሚገባው የውኃዋን ታሪክ ለሚያውቅ ነው። ኩዌት ወንዝ የላትም። ነዳጅ ሀብታም ሳያደርጋት በፊት የመጠጥ ውኃ ከሻት አል አረብ ወንዝ በጀልባ ተጭኖ እየመጣ ይሸጥ ነበር። በ1953 ሹዌይኽ ላይ በቀን 1 ሚሊዮን ጋሎን የሚያጣራ ተቋም ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ሕይወት የቆመው የባሕርን ጨው በማስወገድ ላይ ነው። በሰሜን በኩል ራውዳተይን ላይ ጨዋማ ያልሆነ የከርሰ ምድር ውኃ ቢገኝም፣ ባሕሩን የሚተካ አልሆነም። ዛሬ በሳልሚያም ሆነ በሐዋሊ ቤት ውስጥ የምትሠራ እህታችን የምትከፍተው ቧንቧ የሚያመጣው በአብዛኛው ያንኑ የተጣራ የባሕር ውኃ ነው። ስለዚህ በ1964 ወደቡ ውስጥ የሚበሰብሰው ጭነት የመርከቧ ባለቤትና የኢንሹራንሱ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አልቻለም።

የተለመደው መፍትሔ በክሬን ማንሣት ነበር። ክሬኑ ግን የመርከቧን ቀፎ ሊሰብረው ይችላል፤ ከተሰበረ ደግሞ የታጎረው ሬሳ ሁሉ ወደቡ ውስጥ ይዘረገፋል። አየር መንፋትም አለ፤ አየር ግን በየቀዳዳው ያመልጣል። ዴንማርካዊው የፈጠራ ሰው ካርል ክሮየር ያመጣው ሐሳብ ሁለቱንም ችግር የሚያልፍ ነበር። ቀፎውን በፎም ኳሶች መሙላት! አዲስ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኘው ነጩ ፎም ዓይነት ነው። ኳሶቹ በቱቦ ወደ መርከቧ ሆድ ተገፉ፤ በትንንሽ ቀዳዳ አይወጡም፣ የያዙትም አየር አያመልጥም። የሚጠቀሰው አኃዝ 27 ሚሊዮን ኳስ፣ በጠቅላላው 65 ቶን ነው። ሲካፈል አንዱ ኳስ 2.4 ግራም ገደማ ይመዝናል። መርከቧ ቀፎዋ ሳይሰበር ተነሣች።

ይህን ታሪክ የሚያወሱ ጽሑፎች አብዛኞቹ ወዲያው ወደ ካርቱኑ ዳክዬ ወደ ዶናልድ ዳክ ይሮጣሉ። ካርል ባርክስ በ1949 ባወጣው የዶናልድ ዳክ የሥዕል ታሪክ የሰጠመች ጀልባ በፒንግፖንግ ኳስ መነሣቷ እውነት ነው። በእኔ ግምት ግን የታሪኩ ክብደት ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ የማንሻ ዘዴ ከሌላው የተመረጠው ርካሽ ወይም ፈጣን ስለሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝቡ የሚጠጣውን እንዳይበክል ተብሎም ነው። ዛሬ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚባለው ሥራ ያኔ ስም ሳይኖረው፣ በመሥሪያ ቤት ሕግ ሳይሆን በፍርሃት ተሠርቷል። የኩዌት ማዘጋጃ ቤት ከ1930 ጀምሮ ነበረ፤ የአካባቢ ጉዳይን በራሱ የሚይዝ መሥሪያ ቤት ግን አልነበረም።

መሥሪያ ቤቱ የመጣው በኋላ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ባሕራቸውን ከብክለት ለመጠበቅ ኩዌት ከተማ ላይ ስምምነት የፈረሙት በ1978 ነው። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የፈሰሰው ዘይት ጉዳዩን ከወረቀት አውጥቶ በባሕሩ ዳርቻ ላይ አሳየው። የኩዌት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በ1995 በሕግ ቁጥር 21 ተቋቋመ፤ የ2014ቱ ሕግ ቁጥር 42 ደግሞ ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት እንዲቀርብ ግድ አደረገ።

ክሮየር የፈቃድ ጥያቄውን በዚህ ሕግ ሥር ቢያቀርብ ኖሮ ስለ በጎቹ ብቻ አይጠየቅም ነበር። 65 ቶን ፎም ወደ ባሕር ሲገባ ከመርከቧ ሆድ ተለቅሞ የሚወጣበት፣ የሚጓጓዝበትና የሚወገድበት መንገድም አስቀድሞ ተጽፎ መቅረብ ነበረበት። የ1964ቱ ትረካ የገባውን ኳስ ይቆጥራል፤ የወጣውን አይቆጥርም። ፎም ሲሰባበር ውኃ ላይ ተንሳፍፎ የሚሄድ፣ ዓሣና ወፍ ምግብ መስሏቸው የሚውጡት፣ ለረጅም ዘመን የማይበሰብስ ነገር ነው።