ማጣሪያው ያላሳለፈው ቫይረስ

እ.ኤ.አ. በ1892 ሩሲያዊው ኢቫኖቭስኪ የታመመ የትምባሆ ቅጠል ጭማቂን ባክቴሪያ በሚያስቀር የሸክላ ማጣሪያ አሳልፎ፣ የተጣራው ፈሳሽ በሽታውን ማስተላለፉን እንዳልተወ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ከማጣሪያው የሚያልፈው ቫይረስ፣ የሚቀረው ባክቴሪያ ነው የሚለው ልማድ ሥር ሰደደ። ጠቃሚ ልማድ ነበር፤ ከመጠን በላይ ግን ታመነ።

በመቶኛው ዓመት፣ ማለትም በ1992፣ በእንግሊዝ አገር በብራድፎርድ ከተማ የሳምባ ምች መንሥኤ ሲፈለግ፣ ቲሞቲ ራውቦተም በማቀዝቀዣ ማማ ውሃ ከነበረ አሜባ ውስጥ በተራ ማይክሮስኮፕ የሚታይ ተሐዋሲ አገኘ። እንደ ባክቴሪያ ቀለም ስለ ተቀበለም «ብራድፎርድኮከስ» ተባለ። ሆኖም የባክቴሪያ መለያ የሆነው የራይቦዞም ዘረ መል አልተገኘበትም። ናሙናው ማርሴይ ደርሶ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ባለ ሃያ ገጽ የቫይረስ ቅርፊት ታየ፤ በ2003ም ሚሚቫይረስ ተብሎ ይፋ ሆነ።

አሜባውንም የሚያታልለው ይኸው ግዝፈቱ ነው፤ እንደ ምግቡ እንደ ባክቴሪያ ቆጥሮ ይውጠዋል። ከተዋጠ በኋላ በቅርፊቱ አንድ ማዕዘን ያለው ኮከብ መሰል በር ይከፈትና 1.2 ሚሊዮን ያህል ጥንድ ፊደላት ያለው ዲ.ኤን.ኤ. ይወጣል። የዘረ መል መገልበጫውን ይዞ ስለ መጣ ከሕዋሱ አስኳል ውጭ የራሱን ማምረቻ ይተክላል። አዳዲሶቹ ቅርፊቶች ከማምረቻው ዳር ይበቅላሉ፤ ዲ.ኤን.ኤ.ው የሚገባባቸውም በኮከቡ በር ሳይሆን በሌላ ገጽ በኩል ነው። በአንድ ቀን ገደማ አሜባው ፈንድቶ በመቶ የሚቆጠሩ ቫይረሶች ወደ ውሃው ይበተናሉ።