የመዝሙር መምህራንና የሚስቶቻቸው ዜና በወላይታ ምድር

ይህ በዳሞታ ተራራ ሥር መዝሙር ያስተማሩ ሰዎች ዜና ነው። አስቀድመን ግን ሀገሪቱ ከዚያ በፊት ምን ሰምታ እንደ ነበረ እንጻፍ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በንጉሥ ሞተለሚ ዘመን እንደ ሰበኩባት ይተረካል፤ ደብረ መንክራት ገዳምም በስማቸው እስከ ዛሬ ቆሞ አለ። በ1887 ዓ.ም.፥ በዘመነ ሉቃስ፥ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመቱባት። የወላይታ ካዎ፥ ማለት ንጉሥ፥ ጦና ጋጋ ተዋግቶ ተማረከ፤ ብዙ ሰው አለቀ፥ ከብቱም ተነዳ። ከሠራዊቱ ጋራ ካህናትና ደብተራዎች ገብተው የቅዱስ ያሬድን ዜማ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ አሰሙ። ገበሬው ዜማውን ሰማ፤ ቃሉን ግን አላወቀም።

ከዚያም ኤሳ የሚባል ሰው ከጋሞ ምድር ተነሣ። ለጣዖት መሠዋትን ትታችሁ ጦሳን፥ ማለት የሰማዩን አምላክ፥ ለምኑ አለ። የተከተሉትም ማር በጣታቸው እየነከሩ ወደ ሰማይ ይረጩ ነበር። ሹማምንት ፈርተውት ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት፤ ልመናው ግን በየቤቱ ቀረ።

በ1920 ዓ.ም.፥ በዘመነ ዮሐንስ፥ ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ የሚመራቸው የሱዳን የውስጥ ሚስዮን ሰዎች መጡ። አሳባቸው ወደ ጅማ ነበረ፤ መንገዳቸው ግን ወደ ወላይታ ሆነ፥ በሶዶ ኦቶናም ሰፈሩ። በ1926 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አማኞች ተጠመቁ። ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነበረ፤ በወላይትኛ ተተርጕሞ በእጃቸው የገባውም ወንጌል የማርቆስ ሆነ። እንዲህ ያለውን መገጣጠም የጥንት ጸሐፌ ትእዛዝ ቢያገኘው ሳይጽፈው አያልፍም፤ እኔም አላለፍሁትም።

መዝሙሩን የተማሩት እንዴት ነው ቢሉ፥ ፊደል የቈጠረ ጥቂት ነበረና በመጽሐፍ አልነበረም። አውራጅ ያወርዳል፥ ሕዝብ ይቀበላል። ይህ ደግሞ ለወላይታ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ በመስከረም ግፋታ ሲደርስ ወጣቱ ሀያያ ሌኬ እያለ የሚዞረው በዚሁ ሥርዓት ነው። ስለዚህ የመዝሙር መምህር ሥራው ቀለለ፤ ያወርዳል፥ ይደግማል፥ ተቀባዮቹ ቃሉን ሲይዙት ይተወዋል፥ ሌላ አውራጅም ከመካከላቸው ይነሣል። ሚስዮናውያኑ ያመጡት የባሕር ማዶ ዜማ እንዲህ በአንድ ምሽት የሚያዝ አልነበረም።

በ1929 ዓ.ም.፥ በዘመነ ማቴዎስ፥ ሚያዝያ 9 ቀን፥ ጣሊያን የቀሩትን ሚስዮናውያን ከሶዶ አስወጣ። እስከዚያ ቀን የተጠመቁት 48 ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሬይመንድ ዴቪስ በተራሮች ላይ ስለ ነደደ እሳት በሰየመው መጽሐፍ ጽፎታል። 50 የሚያህሉ መሪዎች ታሰሩ፤ እያንዳንዳቸው 100 ጅራፍ ተገረፉ፥ አንዱም 400፤ ሦስቱ ሞቱ። ከአማኞቹ መሪዎች ዋንዳሮ ተገረፉ፤ ቶሮም ተገረፉ። ዋንዳሮ ግን በወህኒ ውስጥም ማስተማራቸውን አልተዉም፤ መዝሙሩም ከእነርሱ ጋራ ታሰረ።

እዚህ ላይ ብዕሬን ላቁም። የጻፉልን ሰዎች የተገረፈውን ስም ከነአባቱ ያነሣሉ፥ የጅራፉንም ቍጥር ይቈጥራሉ። ወህኒው እህል አይሰጥም ነበርና እስረኛው ከውጭ በሚገባ ስንቅ ነው የኖረ። ስንቁን ማን አዘጋጀው? በወላይታ ምድር ስንቅ ማለት ከሁሉ በፊት እንሰት ነው፤ እንሰት መፋቅም የሴት ሥራ ነው። ሴቲቱ ግንዱን ልጥ ልጡን ገንጥላ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ታነጥፈዋለች፤ አንድ እግሯን አንሥታ በተረከዟ ትይዘዋለች፤ በቀርከሃ መፋቂያም ከላይ ወደ ታች ትስባለች። ነጩ ይወርዳል፥ ቃጫው ይቀራል። ከዚያ በጕድጓድ ይቀበራል፥ ይብላላል፥ ይጨመቃል፥ ይጋገራል፤ ዛሬ ተፍቆ ነገ የሚበላ አይደለም። ባሏ በድንገት የታሰረባት ሴት እንግዲህ ከጎረቤት ጕድጓድ ሳይወጣላት አልቀረም። ያላመኑ ጎረቤቶች ደግሞ ለእስረኛና ለቤተሰቡ የሚደረገውን አይተው ተደነቁ፤ ብዙዎችም ያመኑት ስለዚህ ነው ይላል ዴቪስ። እንግዲህ ስብከቱ የማን ነበረ እላለሁ።

ጣሊያን ወጥቶ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ አማኙ 10 ሺህ ያህል ሆኖ አገኙት። የቈጠሩት ራሳቸው ናቸው፤ ቢቀነስለትም ግን ከ48 ጋራ አይተያይም።

ከዚህ በኋላ የወላይታ ወንጌላውያን ወደ ጋሞ፥ ወደ ጎፋ፥ ወደ ዳውሮ፥ እስከ አሪም ድረስ ወጡ። ማሃይ ጮራሞ ከእነዚህ አንዱ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመንገድ ፈጸሙ ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም። ቤተ ክርስቲያኒቱም አንድ ባል ለአንዲት ሚስት የሚል ሥርዓት አጸናች። ቀድሞ ሀብታም ሰው ብዙ ሚስት ያገባ ነበርና ሥርዓቱ ለብዙዎች ከበደ፤ ከሁሉም በላይ የከበደው ግን ከቤት ለምትወጣው ሴት ነው። ወደ መንገደኞቹ ስንመለስ፥ ወንጌላዊ ሚስቱን አስከትሎ ቋንቋውን ወደማያውቀው ሀገር ይሄዳል። እርሱ በገበያና በዛፍ ሥር ሲያስተምር እርስዋ ከጎረቤት ሴቶች ጋራ ውሃ ትወርዳለች፥ እንሰት ትፍቃለች። መፋቂያው የራሱ ምት አለውና መዝሙር ለማውረድ ይመቻል።

በደርግ ዘመን በወላይታ ብዙ የቃለ ሕይወት፥ ማለት የዚችው ቤተ ክርስቲያን፥ አጥቢያዎች ተዘጉ። ሰዎቹ በየቤቱ፥ በሌሊት፥ ድምፅ ዝቅ አድርገው ዘመሩ። በዚያ ወራት ዘማሪው ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ያህል ታሰሩ፤ መዝሙራቸው ግን በካሴት እየተገለበጠ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ።

ከባሕር ማዶ መጥተው ዘመናቸውን በኢትዮጵያ ያገለገሉ ባልና ሚስትም ነበሩ፤ ፖልና ሊላ ባሊስኪ። ባል የወላይታን ወንጌላውያን ታሪክ መረመረ፤ መጽሐፉም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 ታተመ። ሚስት ደግሞ መዝሙሩን መረመረች። ዘማሪው ተስፋዬ የዘመሩትን ሰብስባ ትርጕሙን በሌላ መጽሐፍ አኖረች፤ እርሱም በዚያው አቈጣጠር በ2018 ወጣ። በሽፋኑ ላይ የተጻፈው የሚስት ስም ነው።