የቤሲ ኮልማን በር

እህቶቼ፣ በየሁለት ዓመቱ ዱባይ ስለሚደረገው የአየር ትርኢት ያልሰማች የለችም። ጄቶቹ ከላይ ሰማዩን በጭስ ይሰነጥቁታል፤ ከታች ደግሞ ውል ይፈረማል። በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) የእኛው አየር መንገድ ከቦይንግ 11 ድሪምላይነርና 20 ማክስ አውሮፕላኖች ማዘዙን ያስታወቀው እዚያው ነው። ዛሬ ትልቁ ገንዘብ በሻጭና በገዢ መሀል ነው፤ ሕዝቡ አጃቢ ነው። ድሮ አሜሪካ ውስጥ ግን ገንዘቡ ከተመልካቹ ኪስ ይወጣ ነበር። ይሄ በደንብ የገባት አንዲት ሴት ነበረች።

ቤሲ ኮልማን በ1892 ቴክሳስ ተወለደች። እናቷ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ቤሲም ጥጥ ለቅማለች፣ የሰው ልብስ አጥባለች። ኮሌጅ ገብታ ገንዘብ ስላለቀባት አቋረጠች። ከዚያ ቺካጎ ሄዳ በአንድ ፀጉር ቤት ጥፍር ሠሪ ሆነች። መብረር ስትመኝ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ጥቁር ሴት አንቀበልም አሏት። ፈረንሳይኛ ተማረችና በ1920 በመርከብ ፈረንሳይ ሄደች። በሰኔ 1921 የአብራሪነት ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች። ሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ ሥራ መልመድ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ፈቃዱ ብቻውን እንጀራ አልሆነም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተረፉ የጦር አውሮፕላኖች በርካሽ ይሸጡ ነበር። አብራሪዎች እነሱን እየገዙ ከከተማ ከተማ ይዞራሉ፤ ሰማይ ላይ ይገለባበጣሉ፣ ትኬት ይሸጣሉ፣ ሰው በክፍያ ያሳፍራሉ። ቤሲም በ1922 ኒው ዮርክ አጠገብ የመጀመሪያ ትርኢቷን አሳየች። በዓመቱ ሎስ አንጀለስ ላይ ወድቃ እግሯ ተሰበረ፤ ድና ተመለሰች። ሐሳቧ ገንዘብ አጠራቅማ ለጥቁሮች የበረራ ትምህርት ቤት መክፈት ነበር።

ወደ ቴክሳስ ተመልሳ ባደገችበት ከተማ በዋክሳሃቺ ልትበር ስትል፣ አዘጋጆቹ ነጮች በአንድ በር፣ ጥቁሮች በሌላ በር ይግቡ አሉ። እሷም ሁሉም በአንድ በር ካልገባ አልበርም አለች። እሷ ካልበረረች ትኬት የለም፤ ስለዚህ እሺ አሉ። ውስጥ መቀመጫው እንደተለያየ ቀረ። በሩ ግን አንድ ሆነ። በጓሮ በር ግቢ የተባለች ሴት ይሄ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ታውቃለች።

እኔ ከታሪኳ የያዝኩት፣ ሕዝቡ የሚመጣው እሷን ብሎ መሆኑን ማወቋንና ከመብረሯ በፊት መናገሯን ነው። እርግጥ ከእኛ አንዷ ብቻዋን እምቢ ብትል ማዳም ሌላ ታስመጣለች። ለቤሲ አቅም የሆናት ትኬት የሚቆርጠው ሕዝብ ነው፤ ለእኛ ደግሞ አብረን መቆማችን ነው።

ሚያዝያ 30 ቀን 1926 ጃክሰንቪል ውስጥ፣ ለማግስቱ ትርኢት ስትዘጋጅ፣ ከአውሮፕላን ወድቃ በ34 ዓመቷ ሞተች። መካኒኩም አብሮ ሞተ። ትምህርት ቤቱን ሳትከፍት ቀረች። በ1929 ግን ሎስ አንጀለስ ላይ ጥቁሮች በረራ የሚማሩበት ክበብ በስሟ ተከፈተ።