ስንቅ የያዘ ልጅ፦ ከጋይንት እስከ ባሕር ማዶ

ሐኪም የተወሰነ ምግብ ብቻ እንዲበላ ያዘዘለትን ልጅ ይዞ ወደ ውጭ አገር መጓዝ ብዙ ወላጆችን እንቅልፍ የሚነሳ ጉዳይ ነው። ስንዴና ገብስ አንጀቱን የሚያቆስልበት ልጅ አለ፤ የሚወጋውን ኢንሱሊን ከምግቡ መጠንና ሰዓት ጋር ማስማማት ያለበት አለ፤ በወተት፣ በሥጋና በእህል ውስጥ ያለው ፕሮቲን አንጎሉን የሚጎዳበትም አለ። ጭንቀቱን አውሮፕላንና ሆቴል የወለዱት አዲስ ነገር አድርጎ ማየት ይቀናናል። እኔ ግን በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የጉዞ ታሪክ ውስጥ መልሱ ጎልቶ ይታየኛል። ልጅ ምግብ ፍለጋ ሲጓዝ ይጎዳል፤ ምግቡ ከልጁ ጋር ሲጓዝ ግን ልጁ የመትረፍ ዕድል ያገኛል። ይህን የምለው የድሮውን ዘመን ለማሞገስ አይደለም፤ ድሮም ዘንድሮም የታየው ማስረጃ ወደዚሁ ስለሚመራ ነው።

የአገሩ አቀማመጥ ራሱ ስንቅን ግድ አድርጎታል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጉና ተራራ ዙሪያው የገብስ አገር ነው፤ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆዎች ሲወረድ ደግሞ ጤፍና ማሽላ ይበቅላል። ወረታን ከወልድያ የሚያገናኘው፣ ቻይናውያን የሠሩት መንገድ ከመምጣቱ በፊት ከእስቴ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወይም ከጋይንት በጨጨሆ በር ወደ ዋድላ የሚሻገር ሰው ገደልና ወንዝ እየቆጠረ በእግሩና በበቅሎ ይጓዝ ነበር። ለዚህ የሚሆነው ምግብ ሦስት ነገር ማሟላት አለበት፦ እንዳይበላሽ መድረቅ፣ ያለ እሳት መበላት፣ ለመሸከም መቅለል። በሶ ሦስቱንም ያሟላል። ገብሱ ተቆልቶ፣ ተሸክሽኮ ይፈጫል፤ መንገደኛው ምንጭ ሲያገኝ በጨውና በውኃ አሽቶ ጭብጦ ያደርገዋል፣ ወይም በጥብጦ ይጠጣዋል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽም በዚሁ ሥርዓት የተገኙ ናቸው። የስንቅ ትልቁ ብልሃት ግን ሌላ ነው፤ አዘጋጇ በስልቻው ውስጥ ምን እንዳለ አጥርታ ታውቃለች። ዛሬ ሐኪም ከወላጅ የሚጠይቀው አንደኛ ነገር ይኸው እውቀት ነው።

ይህ ሥርዓት ባሕር ማዶ ለሚሻገርም አገልግሏል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን ያየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከጥምቀት በኋላ ተነሥተው ለሰሞነ ሕማማት ኢየሩሳሌም ለመድረስ የሚጓዙ መነኮሳትን ቅፍለት ይጠቅሳል። ጉዞው በዐቢይ ጾም ላይ የሚውል ነበርና ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ የማይነካ መንገደኛ በየደረሰበት የቀረበለትን ሁሉ መብላት አይችልም፤ ይህ በእምነት የተወሰነ አመጋገብን ይዞ የሚደረግ ረጅም ጉዞ ነው። በጋይንትም ድጓ የተባለው ዜማ የሚመሰከርበት ቤተልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት የሚቀጸልበት ዙር አምባ የተባሉት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ገና በልጅነታቸው ከቤታቸው የወጡ ተማሪዎችን ከሩቅ ስበዋል። የቆሎ ተማሪው ከእናቱ ቤት የያዘው ስንቅ ሲያልቅ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ መለመኑ አይቀርም። እዚህ ላይ ስንቅ ወሰን እንዳለው መቀበል ያስፈልጋል፦ ለመንገድ ይበቃል፣ ለኑሮ አይበቃም። ጤነኛውን ተማሪ የመንደሩ ቁራሽ ያኖረዋል፤ ሆዱ አንድ እህል የማይቀበል ልጅ ግን በቁራሽ አይድንም። ስለዚህ በደረሰበት ስፍራም ስንቁን የሚያድስለት ሰው ወይም ተቋም ሊኖር ይገባል።

ከባዱ ተቃውሞ የሚነሣው ከረሃቡ ታሪክ ነው። «ክፉ ቀን» ከተባለው ረሃብ እስከ 1977 ዓ.ም. ይህ አገር ጎተራው ባዶ የሆነበትን ዘመን ደጋግሞ አይቷል፤ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በሴፍቲኔት የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው። በጎተራ እህል ለሌለው ስለ ስንቅ ማውራት ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። ሆኖም የዚያ ዘመን ታሪክ ክርክሬን ይበልጥ ያጠናክረዋል። ምግቡ ወደ መንደሩ ሳይደርስ ሲቀር ሰው ወደ ምግቡ ተሰደደ። የጋይንት ጎረቤት በሆነችው በእብናት ትልቅ የእርዳታ መጠለያ ተቋቋመ፤ በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተረጂዎች ከመጠለያው በኃይል እንዲወጡ ተደረገ፣ ጎጆዎቻቸውም ተቃጠሉ። ከዚያም በፊት ቢሆን በየመጠለያው ተጨናንቀው የተቀመጡትን ሕፃናት ኩፍኝና ተቅማጥ ይፈጃቸው ነበር። የተራበ ልጅ በእናቱ ጀርባ ሆኖ ወደ ምግብ መጓዙ ራሱ ሌላ በሽታ ላይ የሚጥል መንገድ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ በረሃብ ለተጎዱ ሕፃናት የተዘጋጀው ምግብ በሐኪም የሚታዘዝ ነው። ክፉኛ የተጎዳ ልጅ እንደ ተራ ሰው ቢመገብ ልቡ ሊከዳው ይችላል፤ ስለዚህ በመጀመሪያ ኤፍ-75፣ ቀጥሎ ኤፍ-100 የተባሉ ወተቶች በልክና በሰዓት ይሰጡታል። እነዚህ ግን በንጹሕ ውኃ የሚበጠበጡ፣ ቶሎ የሚበላሹ ናቸውና እናቲቱ ሌሎቹን ልጆቿን ጥላ ለሳምንታት በሕክምና ማዕከል መቀመጥ ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ፈረንሳይ ውስጥ ከለውዝ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከዘይት፣ ከቫይታሚንና ከማዕድን የተሠራው ፕላምፒነት ይህን ለወጠው። አንዱ እሽግ 92 ግራም ሆኖ 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል፤ ውኃ አይሻም፣ እሳት አይሻም፣ ሳይበላሽ ይቆያል፤ በሶ የሚያሟላቸውን ቅድመ ሁኔታዎች አሟልቶ የመጣ የሕክምና ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሐዲያ 170 ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናት በቤታቸው ሆነው ሲታከሙ 85 በመቶዎቹ አገገሙ፤ የሞቱት 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ይህንኑ መንገድ ደገፉ። እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥም ሂሊና የተባለው ፋብሪካ ምግቡን ያመርታል። የሳምንት ድርሻዋን ይዛ ወደ መንደሯ የምትመለስ እናት ስንቅ ይዛለች ቢባል ስሕተት የለበትም።

ከዚህ ተነሥተን ዛሬ አውሮፕላን የሚሳፈረውን ልጅ እንመልከት። ኔዘርላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲከ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ የረሃብ ክረምት፣ ዳቦ በጠፋበት ጊዜ ሴሊያክ የተባለው የአንጀት ሕመም ያለባቸው ሕፃናት ሲሻላቸው አስተውሏል፤ በደለኛው ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን መሆኑ በዚያው ዘመን ታወቀ። ለእንዲህ ያለው ልጅ የጋይንት በሶ መርዝ ነው፤ ገብስ ግሉተን አለበትና። የስማዳ ጤፍ ግን ግሉተን የለውም። ዓለም ይህን ዋጋውን ስላወቀ አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አሠራር ላይ የባለቤትነት መብት እስከማስመዝገብ ደርሶ ነበር፤ የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 መብቱን ዋጋ አልባ አደረገው። ይሁን እንጂ ጤፍም በጭፍን የሚታመን አይደለም። ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ ከተፈጨ፣ ወይም ሊጡ ከገብስ ዱቄት ጋር ከተደባለቀ ድርቆሹ ልጁን ያሳምመዋል። ፕሮቲን አንጎሉን ለሚጎዳበት፣ ማለትም ፌኒልኬቶኑሪያ ላለበት ልጅ ደግሞ የጤፍ ፕሮቲን ራሱ ይበዛበታል፤ እርሱን የሚያድነው እ.ኤ.አ. በ1953 በእንግሊዝ በርሚንግሃም ውጤቱ የታተመውን ዓይነት ልዩ ቅንብር ነው። ስለዚህ ከአባቶች የምንወርሰው እህሉን ሳይሆን ሥርዓቱን ነው፦ ይዘቱን ማወቅ፣ ከመነሻው ማዘጋጀት፣ በሰው ማዕድ ላይ አለመመካት።

ዓለም አቀፉ የጉዞ ደንብም ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ ሻንጣ ይዞ መሳፈር ቢከለከልም የሕፃናት ምግብና በሐኪም የታዘዘ ፈሳሽ ከክልከላው ውጪ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ከኅብረቱ ውጪ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት እንዳያስገባ ይከለክላል፤ ለሕክምና የሚያስፈልግ ልዩ ምግብ ግን የታወቀ ምርት፣ ማሸጊያው ያልተከፈተና ማቀዝቀዣ የማይፈልግ ከሆነ ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቅዳል። እንግዲህ በቤት የተነጠረ ቅቤ የተጨመረበት ስንቅ በድንበሩ ላይ ሊወሰድ ይችላል፤ የታሸገውና የሐኪም ደብዳቤ ያለው ያልፋል።

አንዳንዶች የእንግዳ ማዕድ መግፋት ነውር ነው ይላሉ። በእርግጥ በእኛ አገር ያለ ጉርሻ ፍቅር የተሟላ አይመስልም። ነገር ግን «ጾመኛ ነኝ» ያለን እንግዳ የሚያስገድድ ጨዋ ባለቤት አልነበረም፤ ባህላችን በምክንያት የሚታቀብን ሰው ማክበር ያውቃል። የታመመ ልጅ ከጾመኛ ያነሰ ክብር የሚያገኝበት ምክንያት የለም። ሌሎች ደግሞ ሸክሙ ሁሉ በእናት ጫንቃ ላይ ወደቀ ይላሉ። ይህ ተቃውሞ እውነት አለው፤ ስንቅን በሌሊት የፈጨችው፣ የቆላችውም ሴት ናት። የሐዲያው ሕክምና የተሳካው ግን እናቲቱ ብቻዋን ስላልቀረች ነው፤ ከጀርባዋ ምግቡን የሠራ ፋብሪካና በየሳምንቱ ልጁን የሚመዝን ባለሙያ ነበሩ። ልዩ ምግብ የሚያስፈልገው ልጅ ወላጅም የሐኪም ደብዳቤ፣ ይዘቱ በግልጽ የተጻፈበት እሽግና በአቅሙ የሚገዛው ዋጋ ያስፈልገዋል። እነዚህን ማሟላት የጤና ተቋማት፣ የምግብ አምራቾችና የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ምግብ አጥቶ ስንቱ ሕፃን መንገድ ላይ እንደቀረ የሚያውቅ አገር ይህን ግዴታ ከሌሎች ቀድሞ ሊቀበል ይገባል።